ስልክ የማይገባበት ክፍል

ረውዳ ስትጨነቅ ዕቃ ታጥባለች። በዚያ የኅዳር ሳምንት እኛ ቤት ያልተፈተገ ድስት፣ ያልተለቀለቀ ብርጭቆ አልነበረም። እኔ ከሪማ እባላለሁ፤ ኮምቦልቻ ላይ አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ። እሷ እዚያው ባለው የቴክኖሎጂ ተቋም ለሁለተኛ ዲግሪዋ ፊዚክስ ታጠናለች። አንዲት ክፍል ተከራይተን አብረን ነው የምንኖረው። አሁን ያጠበችውን ብርጭቆ አንስታ እንደገና ስትዘፈዝፈው አየሁና ምን ሆነሻል አልኳት። ምንም አለችኝ። ምንም ያልሆነ ሰው እንዲህ ብርጭቆ አያሠቃይም።

ምን እንደሆነችማ አውቃለሁ። ሂሻም ጠፍቷል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፤ እኔም መሀል ላይ ስጀምር ይጠፋብኛል። ረውዳ የምታጠናው ጥላሸት ነው። እንዲህ ስላት ትቆጣለች፤ የካርቦን ናኖ ቱቦ በይ ትለኛለች። በዓይን የማይታዩ፣ ከፀጉር በብዙ ሺህ እጥፍ የቀጠኑ የካርቦን ክሮች ናቸው አሉ። ተሰብስበው መስታወት ላይ ሲቀቡ ግን፣ ትቆጣ እንጂ፣ የድስት ቂጥ ነው የሚመስሉት። በግራና በቀኝ ሽቦ ታያይዝበትና ኤሌክትሪኩን በጣም በቀስታ ትለቅበታለች። ክሮቹ እርስ በርስ ሲነካኩ ኤሌክትሪኩ አዲስ መንገድ ያገኝና ይዘላል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለችው መስመርም ብድግ ትላለች። አብዛኛው ዝላይ ትንሽ ነው፤ ትልቁ በስንት ጊዜ አንዴ ይመጣል። የእሷ ሥራ ቁጭ ብሎ እሱን መጠበቅ ነው።

አንድ እሑድ አባቷ ከሐርቡ የላኩልንን ማሾ አውጥታ ትሪ ላይ አስረዳችኝ። አንዲት አንዲት ፍሬ እያነሳች አንድ ቦታ ላይ ስትጥል ክምሩ ከፍ ከፍ አለና ቆመ። ከዚያ በኋላ የምትጥላት ፍሬ አንዳንዴ ዝም ብላ ትቀመጣለች፣ አንዳንዴ ጥቂት ፍሬ ታንከባልላለች፣ አንዳንዴ ደግሞ የክምሩን ጎን በሙሉ ይዛ ትወርዳለች።

«ማንም አፋፍ ላይ አላቆመውም» አለችኝ፤ «ራሱን በራሱ አደራጅቶ ነው እዚያ የደረሰ። የትኛዋ ፍሬ እንደምትንደው አይታወቅም። ከቸኮልሽ ወይ ትሪውን ከነካሽ ግን የምታዪው የክምሩን ጠባይ አይደለም፣ የእጅሽን ነው።»

እኔ ማሾውን የምንበላው መስሎኝ ድስት ጥጄ ነበር።

ሂሻም የገባው በዚህ መሀል ነው። በዚያው ተቋም የኤሌክትሪክ ረዳት መምህር ነው፤ ደሴ፣ የሰኞ ገበያ ሰፈር ልጅ፤ እናቱ ዘይቱና እዚያው ጨርቅ ይሸጣሉ። የቤተ ሙከራ ክፍሏ መብራት ሲበላሽ ሊያይ መጣ። ረውዳ ማን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቀው ጫማህን አውልቅ፣ ስልክህን በር ላይ አረንጓዴው ሳህን ውስጥ አስቀምጥ አለችው። አቧራና የስልክ ሞገድ ጥላሸቷን ያውኩባታል። ጫማውን ሲያወልቅ ካልሲው የተቀደደ ሆኖ ተገኘና ሥራውን ሁሉ አንዱን እግር በአንዱ ላይ ደርቦ ጨረሰ። ያን ቀን ቤት ገብታ ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር፤ እኔ ግን ሳቋን ሰምቼ አለቀላት አልኩ።

ከዚያ በኋላ መምጣት አላቆመም። ትንንሾቹን ዝላዮች አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ ሠራላት። ወራት ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዲት መስመር አዩ። እሱ መስመሯን ሲያይ እሷ ኮምፒውተሩ መስታወት ላይ የእሱን ፊት ታያለች፤ እሱም ያንኑ ያደርግ እንደነበር ኋላ ነገረኝ። ሁለት የተማሩ ሰዎች አንዲት ቃል አቅቷቸው ዝም ተባብለው ከረሙ። እኔ በመሀል ነደድኩ።

በጥቅምት ማብቂያ ላይ ረውዳን ሌላ ስጋት ያዛት። ደሴ በሰው ሠርግ ላይ ሰዒዳ የሚባሉ ሴት ከእግር እስከ ራሷ አይተዋት የአባቷን ስምና ሀገር ጠይቀው ነበር። ተውፊቅ የሚባል ያልተዳረ ልጅ አላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሐርቡ ስልክ በተደወለ ቁጥር ፊቷ ይለዋወጣል። ሂሻም እስኪናገር ድረስ ሰው ቢቀድመውስ? በሽማግሌ ከተጠየቀች ወዲያ እሱ ምን ብሎ ይናገራል? ይኸው ነበር ጭንቀቷ፤ ሌሊት ትራሷን ስታገላብጥ እሰማታለሁ።

የፈራችውም አልቀረ። ማክሰኞ ረፋድ ላይ አባቷ ጋሽ በሺር ደወሉ። ትናንት ከደሴ ሽማግሌዎች መጥተው እንደነበር፣ ልጄን ልጠይቅ ብለው እንደመለሷቸው፣ መልሱን ሊሰሙ ዛሬ ከሰዓት እንደሚመለሱ ነገሯት። ልጁም የማን ልጅ መሰለሽ ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ አቋረጠቻቸው።

«አባ፣ ስሙን አይንገሩኝ። አልፈልግም። ዛሬውኑ እንዲያ ይበሏቸውና ይለይላቸው።»

ጋሽ በሺር እንግዲያው እንዳልሽ አሉና ዘጉት። እሷም ስልኳን አረንጓዴው ሳህን ውስጥ ጥላ ወደ ሥራዋ ገባች። ቀለል አላት አሉ። ለሂሻም ራሷን ያተረፈች መስሏታል።

ያን ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ የሆነውን ሁለቱም ለየብቻ ነግረውኛል። ጎን ለጎን እንደተቀመጡ መስመሯ ተነስታ ከዚያ በፊት አይተውት ወደማያውቁት ከፍታ ዘለለች። ባለፉት ቀናት ትልልቅ ዝላዮች መታየት ጀምረው ስለነበር አማካሪዋ መምህር የዝላዮቹን ግራፍ አይተው ሥዕልሽ አማረ ብለዋታል፤ ይኼኛው ግን ሁሉንም አስናቀ። ረውዳ በደስታ ወደ ሂሻም ዞረች።

«አየኸው? እኔ እኮ ይሄን ነው ስጠብቅ የኖርኩት።»

ሂሻም አየሁት አለና ትንሽ አየር ልውሰድ ብሎ ወጣ። አልተመለሰም። ስልኩ ሳህኑ ውስጥ ቀረ። በማግስቱ ለኃላፊው ፈቃድ ጠይቆ ደሴ መግባቱን ሰማን፤ ለእሷ ግን አንዲት ቃል አልላከም። እንግዲህ የዕቃ አጠባው ሳምንት የጀመረው ያኔ ነው።

እሱ ከሄደ በኋላ ደግሞ ትልልቆቹ ዝላዮች ጠፉ። ትንንሾቹ እንዳሉ ናቸው፤ ትልቅ የሚባል ግን የለም። ረውዳ በሥራዋም በልቧም ተረበሸች። ዓርብ ከሰዓት ብቻዬን አልቀመጥም ብላ ይዛኝ ሄደች። እኔ ጫማዬን አወለቅሁ፣ ባለ ቁልፏን ስልኬን ግን ቦርሳዬ ሥር ረሳኋት። ትንሽ እንደተቀመጥን መስመሯ ብድግ አለች። ረውዳም አብራ ብድግ አለች። ወዲያው የእኔ ቦርሳ ጮኸ፤ የተማሪ ወላጅ ነበሩ።

ደነገጥኩ፤ ይቅርታ ብዬ ልወጣ ስል ያዘችኝ። በራሷ ስልክ ከውጭ ሆና ደጋግማ ደወለችልኝ። በደወለች ቁጥር መጀመሪያ መስመሯ ትዘላለች፣ ከዚያ ነው ስልኬ የምትጮኸው። ስልክ ከመጥራቱ በፊት ከማማው ጋር ሲነጋገር የሚረጨው ሞገድ ነው፣ ክሮቹን እሱ ነው የሚነካካቸው አለችኝ። እነዚያ ያማሩት ዝላዮች የክምሩ ጠባይ አልነበሩም፤ የሰው እጅ ነበሩ። መለስ ብላ የቀረጸችውን ስታገላብጥ ሁሉም ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ሁሉም ሂሻም ባለበት ሰዓት የመጡ ሆነው ተገኙ።

«ስልኩ ግን ሳህኑ ውስጥ ነበር» አለች።

ሌላ ስልክ አለዋ አልኳት። አፌን ምን ቢያሳክከኝ እንደሆነ እንጃ፣ ሁለተኛዋ ስልክ ለሁለተኛዋ ሴት ትሆናለች ብዬ ጨመርኩበት። እንደተናገርኩት ተጸጸትኩ። ረውዳ ቤት እስክንደርስ የምትረግጠውን አታይም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ያንን የረሳውን ስልክ ይዛ ደሴ እወጣለሁ አለች፤ እኔም ብቻዋን አልለቃትም አልኩ። ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ጉሙ መስኮቱን ሸፈነው፤ ብርዱ ገባ፤ ነጠላዬን አከናነብኳት። ሰኞ ገበያ በሰው ታጭቋል። ሂሻም ከእናቱ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ሲጠቀልል አገኘነው። ከስቷል። ሲያያት የያዘው ጨርቅ ከእጁ ተተረተረ።

ሰላምታዋን በቅጡ ሳትጨርስ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

«ሌላ ስልክ ይዘህ ትገባ ነበር?»

«እገባ ነበር» አለ። «ድምፅዋን አጥፍቼ ኪሴ ውስጥ። ጥፋት ነው፣ አውቃለሁ።»

«ማነው የሚደውልልህ?»

ዘይቱና ሜትራቸውን አንስተው ወደ ሱቁ አፍ ወጣ አሉ። እኔን ግን ማንም ውጪ ስላላለኝ እዚያው ቆምኩ።

«አጎቴ ናቸው፣ አቤ። ከዐስር ሰግደው ሲወጡ ይደውላሉ፤ የሚያውቁት ያችን የድሮዋን ቁጥር ብቻ ነው።»

«ማክሰኞስ? ያን ትልቁን ጊዜ?»

ሂሻም የተተረተረውን ጨርቅ መሰብሰብ ያዘ።

«ማክሰኞማ ከሐርቡ ሲመለሱ ነው የደወሉልኝ። ልጅቱ ስምህን መስማት እንኳ አልፈለገችም አሉኝ።»

ረውዳ የጨርቅ ጥቅሉን በሁለት እጇ ያዘች። እኔ ቀድሜ ገብቶኝ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ውጭ ላይ የዘይቱና የዋጋ ክርክር ይሰማል።

«እኔ የተውፊቅ ሰዎች መስለውኝ ነው» አለች በመጨረሻ። «ያንተ መሆናቸውን ባውቅ…»

«ብታውቂስ?»

«ባውቅማ አባቴን አንዲት ደቂቃ አላስጠብቃቸውም ነበር። ወላሂ እወድሃለሁ እኮ። አንተን ስጠብቅ ነው ያባረርኳቸው።»

ሂሻም ሌላ የጨርቅ ጥቅል ላይ ቁጭ አለ። ፊቱ ላይ ሳቅ መጣ፤ ግን ወዲያው ሄደ። ለምን ለእኔ አልነገርከኝም ስትለው፣ ነገሩ ባይሳካ ስሟ በሰው አፍ እንዳይገባ ብሎ እንደሆነ ነገራት፤ አባቷ ሳይመልሱ ለእሷ መንገር ነውር ነው ተብሎ ነው ያደገው። ደግሞ መቸኮል ክምሩን ያበላሻል ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም ወይ አላት። እዚህ ላይ እኔ ትሪውን አስታውሼ ተናደድኩ።

ሳቁ ወዲያው የሄደው ግን ያለ ምክንያት አልነበረም። በእኛ ዘንድ የልጅቱ አባት እምቢ ቢል ሽማግሌ ተስፋ አይቆርጥም፤ ይመላለሳል፣ ደጅ ይጠናል። ልጅቱ ራሷ አልፈልግም ካለች ግን ነገሩ ያበቃል፤ ተመልሶ መሄድ ልጅን ማስገደድ ነው። አቤ ደግሞ ሁለተኛ እዚያ ቤት ለዚህ ነገር ብዬ አልረግጥም ብለው በሰው ፊት ተናግረዋል። ከልጅቱ ቤት ሰው ልኮ ኑና ጠይቁን ማለት ከቶ አይታሰብም። በሩ በሁለቱም በኩል ተዘግቷል፤ የዘጋችው ደግሞ ራሷ ናት።

በዚያው ቀን ከደሴ በቀጥታ ሐርቡ ወረድን። እዚያ ፀሐይ ነው፣ ሙቀት ነው። ጋሽ በሺር ደጃፋቸው ላይ የተወቃ ማሾ ያበጥራሉ። ረውዳ ልትነግራቸው ሄዳ እፊታቸው ስትደርስ ቃል ጠፋት፤ ጓዳ ገብታ የእናቷን ዕቃ በሙሉ ማጠብ ያዘች። እናቷ ፋጡማ የታጠበውን ሳህን ደግማ ስታጥብ አዩዋትና የማድጋው ውሃ ሊያልቅ ነው፣ ይልቅ የሆድሽን አውጪ አሏት። ያኔ አልቅሳ ነገረቻቸው። ለጋሽ በሺር ያደረሱት እሳቸው ናቸው።

ጋሽ በሺር ተቆጡ። ስሙን አይንገሩኝ ያልሽ አንቺ፣ ዛሬውኑ ይለይላቸው ያልሽ አንቺ፣ ታዲያ እኔ የሰጠሁትን ቃል መልሼ ልዋጠው ወይ አሉና ወደ ማሾአቸው ሄዱ። ረውዳ ጓዳ ውስጥ ተኮራምታ ተቀመጠች። አብሽሪ፣ አይዞሽ ብላትም እኔም ራሴ ተስፋ አልነበረኝም።

መግሪብ ሰግደው ሲመለሱ ግን ፋጡማን የማሾው ዱዓ መቼ ነው ብለው ጠየቁ። አዲስ እህል ሲገባ ሰው ተጠርቶ የሚደረግ የምስጋና ጸሎት ነው፤ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ነው አሏቸው። ከዚያ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው እንደሚናገር ሰው ሆነው እንዲህ አሉ።

«እነዚያ ሽማግሌዎች ከቤቴ እህል ሳይቀምሱ ነው የወጡ። ይሄ ከንክኖኛል። ለዱዓው እጠራቸዋለሁ። ስለ ልጅ ከኔ አፍ አንዲት ቃል አይወጣም። እጃቸውን ታጥበው ከበሉ እንግዶቼ ናቸው፣ ያም ነገር ተቀበረ። ውሃው ቀርቦላቸው ካልታጠቡ ግን ሊጠይቁ መጥተዋል ማለት ነው፤ ለጠየቀ ሰው እመልሳለሁ። ከዚህ በላይ አባት አያደርግም።»

እኛ ሀገር ለልጅ የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩ መልስ ሳያገኝ እህል አይቀምስም። ጋሽ በሺር ያገኟት ቀዳዳ ይቺ ብቻ ናት። ሂሻም ለአቤ ሁሉንም ነገራቸው። አቤ እስከ መጨረሻው ሰሙትና ዱዓ ከተባለ ዱዓ ይኬዳል አሉ። ሌላ ምንም አልወጣቸውም። እንግዲህ ይብሉ፣ ይጠይቁ ከአላህ በቀር የሚያውቅ የለም።

በመሀሉ ረውዳ የስልክ ዝላዮቹን ከጥናቷ አውጥታ ለአማካሪዋ እውነቱን ተናገረች። የሥዕሉ ጫፍ ተቆረጠ፣ እሳቸውም ፊታቸው ጠቆረ፤ እንደገና ለኪ አሏት። እሺ አለች። ያን ሳምንት ይሄ እንኳ አላስጨነቃትም፤ የሚያስጨንቃት የአቤ እጅ ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። አባቷ በዱዓው ቀን ድርሽ እንዳትይ ብለዋታል። የቤተ ሙከራ ክፍሏ ውስጥ ሦስታችን ተቀመጥን፤ እኔ ነውሩን ለመጠበቅ፣ እነሱ ለመጨነቅ። ሽማግሌዎቹን በሚኒባሱ የወሰዳቸው የነሂሻም ጎረቤት ምንተስኖት ነው፤ እግቢው ሆኖ የሆነውን ሊደውልልን ቃል ገብቷል። ሂሻም ሁለቱንም ስልኮቹን አረንጓዴው ሳህን ውስጥ አስቀምጦ ነበር የገባው። ረውዳ ወጣችና የድሮዋን ስልኩን አንስታ ይዛት ገባች። ለጥናት የማይሆነውን፣ የተበላሸውን ባለ ጥላሸት መስታወት ከሽቦው ጋር አገናኝታ ስልኳን አጠገቡ አኖረቻት።

«ከመጮኹ በፊት ማወቅ እፈልጋለሁ» አለች።

ምን ይጠቅማል አልልም፤ እኔም ዓይኔን ከመስመሯ መንቀል አቃተኝ። የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር፣ አለፈ። መስመሯ ዘለለች፣ ስልኳ ተከትላ ጮኸች። ምንተስኖት ነው፤ ዱዓው ሊያልቅ ነው፣ ቤቱ ሰው ሞልቶታል አለ። ዘጋው። ረውዳ ጠረጴዛውን በእጅጌዋ ጫፍ ትወለውላለች፤ የሚታጠብ ነገር ስላጣች ነው። ቆይቶ ደግሞ ዘለለች። ማንቆርቆሪያው መጣ፣ ከወዲያ በኩል ጀምረው እያስታጠቡ ነው፣ አቤ መጨረሻ ላይ ናቸው አለ። እዚያው ተቋረጠ፤ ኔትወርክ ነው።

ሂሻም መልሶ ሲደውል አይሠራም። ተነሳ፣ ተቀመጠ። ረውዳ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከንፈሯ ዱዓ ያደርጋል። እኔ መስመሯን እያየሁ ዝለይ እላታለሁ፤ እሷ ግን ትንንሽ ዝላይ ብቻ ትዘላለች። እንዲያ ሆነን ብዙ ቆየን።

ከዚያ መስመሯ ብድግ አለች። ስልኳ ሳትጮኽ ሂሻም አነሳት፤ ስትጮኽ ድምፅ ማጉያውን ተጫነ።

«ታጠቡ» አለ ምንተስኖት።

የረውዳ ፊት ሲጠወልግ አየሁት። ሂሻም ስልኳን ሊዘጋት ጣቱን አነሳ።

«ሃሎ? ሂሻም፣ ሰማኸኝ? መጀመሪያ አልታጠቡም እኮ። ውሃው ሲመጣ እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። ልጅዎን ለልጃችን ብለን ዳግም መጥተናል አሉ። ጋሽ በሺርም ልጄ ፈቅዳለች፣ እኔም ፈቅጃለሁ አሉ። ያኔ ነው የታጠቡት። አሁን እየበሉ ነው።»

ሂሻም ስልኳን አስቀመጠ። ረውዳ እንደ ልማዷ በኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ሳይሆን ዞራ ፊቱን አየችው፤ እሱም ዞሮ አያት። እኔ ጫማዬን ፍለጋ ወጣሁ፤ ነውሩን ለትንሽ ጊዜ ራሳቸው ይጠብቁት አልኩ።

ያን ቀን ማታ ቤት ገብተን ራት በላን። ረውዳ ሳህኑን እዚያው ትታ አልጋዋ ላይ ጋደም አለች፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። ዕቃው ሳይታጠብ አደረ።